ስለ ቆቦቹ ለጠየቅሽኝ

የካቲት 19፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ
ከቤት

ለምወድሽ ልጄ፣ ለበረዶው ምድር እመቤቴ፦

መጀመሪያ እጅሽን አሙቂ፣ ቁጭ በዪ፣ ከዚያ አንብቢ። የሚያስቸኩል ነገር የለውም ልልሽ ነበር፤ ግን ይህን የምታመጣልሽ የመጨረሻዋ መርከብ እናንተ ጋ የምትቆየው ዕቃዋን እስክታራግፍ ብቻ ነውና ብዙም አትዘግዪ። ነገ ጠዋት ከወደባችን ትነሳለች። የመርከቧ ምግብ አብሳይ ደብዳቤውን በእጅሽ ሊሰጥሽ ቃል ገብቶልኛል። ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ሦስቴ አስደግሜዋለሁ፤ በመጨረሻ «እናት፣ ልበላው አይደለም እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ።

እሑድ ስትደውዪ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «እማዬ፣ በመጨረሻዋ መርከብ ልምጣ ወይስ ክረምቱን እዚሁ ልቆይ? አባዬ እውነት ደህና ነው?» አልሽኝ። ስልኩን ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ከፍተነው ስለነበር፣ እኔ አፌን ሳልከፍት አባትሽ ከአልጋው ሆኖ «ደህና ነኝ! አንቺ ሥራሽን ሥሪ!» ብሎ አምባረቀ። ሰምተሽዋል። ድምፁ ዛሬም የማሽን ክፍል ድምፅ ነው፤ የማቀዝቀዣ ኮምፕረሰር እየጮኸ ሰው ሲጣራ የኖረ ሰው ድምፅ። መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ።

ከዚያ አስማለኝ። ስለ ሕመሙ አንዲት ቃል እንዳልጽፍልሽ፣ ነዪም ቆዪም እንዳልልሽ። «እዚያ የምርምር ጣቢያ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ከበረዶው ሥር ገብቶ ባሕሩን የለካ ሰው የለም፤ እሷ ናት የምትጀምረው። አሁን ጥላው ከመጣች ቦታውን መልሰው አይሰጧትም። በእኔ ሰበብ አይሆንም» አለኝ። ማልኩ። ደብዳቤውንም ከመላኬ በፊት ከላይ እስከ ታች እንዳነብለት ቃል አስገባኝ፤ ያውቀኛላ።

ስለዚህ በዪ ያለኝን ልበል። አባትሽ ደህና ነው። ይበላል። ይቀልዳል። ይኸው ብያለሁ።

ስለ ቤታችን ደግሞ ትንሽ ላውራሽ፤ ስለ ቤት አልማልኩም። አልጋውን ወደ ፊተኛው ክፍል አምጥተነዋል፤ ለአየር ነው። ፊቱን ወደ መስኮቱ ስላደረግነው የወደቡን ክሬኖች ያያል። የጎረቤታችንን ፍሪጅ በግድግዳው በኩል እያዳመጠ፣ «የዚህ ሞተር አልቆለታል፤ ዝም ብለው ነው የሚያሰቃዩት» ይላል። ሥራ ቦታ ጋሼ በረዶ ያሉት በከንቱ አይደለም፤ ጡረታ ወጥቶም ማቀዝቀዣ ካላዳመጠ እንቅልፍ አይወስደውም። የፍሪጁ ባለቤት ያ ልብስ ሰፊው ነው፤ ጠዋትና ማታ ብቅ እያለ ያግዘኛል። በምን እንደሚያግዘኝ አትጠይቂኝ። ጡንቸኛ ሰው ነው፤ እሱም ደህና ነው።

እኔም ደህና ነኝ፤ ወገቤን ብቻ ትንሽ ያመኛል።

ወደ ቆቦቹ ልምጣ። እንዴት ናቸው ብለሽ ነበር። አንቺ ያወጣሽላቸው ስም አፋችን ላይ ቀርቶ አሁን የቤተ ሙከራችን ዶክተርም ሳትቀር ቆቦች ነው የምትላቸው። ያኔ ከበረዶው ሥር ጠልቀሽ፣ ከድንጋይ ላይ አንድ በአንድ ፈልቅቀሽ፣ እነዚያን ቅርፊታቸውን እንደ ቆብ የደፉ ቀንድ አውጣዎች ይዘሽልኝ መጣሽና እኔን ጠባቂያቸው አደረግሽኝ። «ቀላል ነው እማዬ፣ ዝም ብለው መስታወት ላይ ይለጠፋሉ» ነበር ያልሽኝ። እኔም ካፖርቴን ለብሼ በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አፍንጫዬን ስጠርግ ከረምኩ። ቢሆንም ወድጃቸዋለሁ። እንደነሱ ዓይነት የማያስቸግር ፍጥረት አላየሁም፤ ከባልም ከልጅም ይሻላሉ።

ሙከራው አንቺ እንዳቀድሽው እየሄደ ነው። አንደኛው ገንዳ ባሕራቸው እንደነበረው ቀዝቃዛ ነው። በሁለተኛው ገንዳ ግን በየወሩ ሙቀት እንጨምራለን። ጨመርን ስል፣ እጅሽን ብትከቺ ያው ጣትሽን ቆርጦ የሚጥል ውሃ ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቁት ቴርሞሜትሩና እነሱ ብቻ ናቸው። እኔ በየቀኑ አያቸዋለሁ። መስታወቱን እንደያዙ ናቸው። አረንጓዴውን ነገር ይግጣሉ። ስለዚህ ዶክተሯ ስትጠይቀኝ «ደህና ናቸው» እላታለሁ። በየቀኑ ደህና ናቸው ስል ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ራሷ ገባች።

«እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

«ደህና ናቸው። ይይዛሉ፣ ይበላሉ።»

«ገልብጠሻቸው ታውቂያለሽ?»

«ለምን ብዬ? ደህና ናቸው እኮ።»

እጅጌዋን ሰብስባ፣ ስሷን ብረት ከሥር አስገብታ ከሞቀው ገንዳ አንዷን አላቀቀችና በጀርባዋ አስተኛቻት። ከቀዝቃዛው ገንዳም አንድ አውጥታ እንደዚያው አደረገች። የቀዝቃዛው እግሩን አውጥቶ ተጠማዘዘ፣ ወለሉን ያዘ፣ እኛ ወሬያችንን ሳንጨርስ ተገልብጦ ቆቡን ደፋ። የሞቀችው ግን ያቺን ለስላሳ እግሯን አወጣች፤ ወደ ቀኝ ላከች፣ ወደ ግራ ላከች፤ የምትይዘው ነገር ፈለገች። ትንሽ ቅርፊቷ ዘመም ሲል «በርቺ!» አልኩ፤ አፌ አምልጦኝ። ተመልሳ በጀርባዋ ተኛች። እግሯን ሰበሰበች። አረፍ ብላ እንደገና ሞከረች። ልጄ፣ መጠበቅ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። የዶክተሯ ከንፈር በብርድ እስኪጠቁር ቆምን።

«አልሞተችም» አልኳት።

«አልሞተችም» አለች። «እዚህ ገንዳ ውስጥ ስንት ጊዜም ትኖር ይሆናል። ባሕር ውስጥ ግን የበረዶ ስባሪ ገፍቶ ቢጥላት ማን ያነሳታል? ኮከብ ዓሣው ይደርስባታል። ሰው ሞተች የሚለው ያኔ ነው፤ ያበቃላት ግን ዛሬ ነው።»

አንቺም በስልክ ያልሽው ትዝ አለኝ፦ እነዚያ በክንፍ የሚዋኙት ትንንሾቹ ቀንድ አውጣዎች ቅርፊታቸው እየሳሳ፣ ጠርዙ እየተበላ በመረብ እንደሚወጡ፤ ውሃው ራሱ አሲድ እየሆነ እየበላቸው እንደሆነ፤ በረዶውም አምና ዘግይቶ እንደረጋ። ስትነግሪኝ ድምፅሽ ውስጥ ሐዘን ነበር፤ እኔ ግን «ብርዱ ነው፣ ሻርፕሽን አድርጊ» ብዬ አለፍኩሽ። አሁን ገብቶኛል። እዚያ ሆነሽ የምታዪውን ብቻሽን ተሸክመሽው ነው የሰነበትሽው፣ የኔ ልጅ።

ዶክተሯ ሌሎቹንም ገለበጠቻቸው። ከሞቀው ገንዳ የተመለሱት ጥቂት ናቸው። ጽፋ ጨርሳ ስትወጣ ያቺን የመጀመሪያዋን በእጄ ቀና አድርጌ መልሼ አስቀመጥኳት። ደንቡ አይፈቅድም፤ አውቃለሁ። ብትቆጪኝም ግድ የለኝም። እኔ ደህና ናት ስላት፣ እሷ ስንት ቀን ይሆን መዞር አቅቷት የከረመችው? አብሬያት እየዋልኩ አላየሁም።

ያን ቀን ቤት ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ ደጃፉ ላይ ቆሜ ብዙ አየሁ። ምን እንዳየሁ አልጽፍልሽም። ምያለሁ።

እዚህ ላይ ላቁምና ላንብብለት።

ያው ማክሰኞ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ

አንብቤለት ጨረስኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን አላነብለትም፤ ቃል የገባሁት ለዚያኛው ነው።

ልብስ ሰፊው ጋ ስደርስ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«ስለ ጎረቤት መጻፍም ክልክል ሆነ?» አልኩት።

«ቀጥዪ» አለ።

ከባልም ከልጅም ይሻላሉ ያልኩትን ሲሰማ ሳቀ። ቆቧ እየሞከረች አልሆን ያላት ጋ ስደርስ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ዓይኑ ክሬኖቹ ላይ ነበር። እኔም ቀና ብዬ ማየት ፈርቼ ወረቀቱን ብቻ እያየሁ ነው ያነበብኩት። ስጨርስ ቅር የሚለው መስሎኝ ነበር፤ «ይሄን ቅደጂው» እንዲለኝ እየጠበቅኩ እጥፍ አደረግኩት።

«በእጅሽ መለስሻት?» አለኝ።

«መለስኳት።»

«ደንቡን ጥሰሽ?»

«ጥሼ።»

«ውሃውን እንደገና ብታቀዘቅዙትስ?» አለ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለአባትሽ በደንብ ያልቀዘቀዘ ነገር ሁሉ የማሽን ጥፋት ነው።

እኔም ያንኑ ዶክተሯን ጠይቄያት ነበር። «ቶሎ ከተደረሰ አንዳንዱ ይመለሳል አለችኝ። ከቆየ ግን...» አልኩና አልጨረስኩትም።

«ገባኝ» አለ።

ከዚያ መርከቧ እናንተ ጋ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅባት ጠየቀኝ። እኔን! የመርከቧን ማቀዝቀዣ እሱ ራሱ የገጠመ፣ ሁለቴ አብሯት የተጓዘ ሰው! «ከእኔ በላይ ታውቀው የለ» አልኩት። ቀን እየቆጠረ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት፤ ለመሄጃ፣ ለማራገፊያ፣ ለመመለሻ። ድምሩን አልነገረኝም። እኔም ደምሬው ስለነበር አልጠየቅኩትም።

«ይሂድ» አለ፤ ደብዳቤውን ማለቱ ነው።

ተነስቼ ፖስታ ስፈልግ ጠራኝ። ያ ስልኩ ላይ የሰማሽው ድምፅ አልነበረም። ያንን ድምፅ ለአንቺ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ይደክመዋል።

«ወደ በሩ አዙሪኝ» አለኝ።

«መስኮቱ አይሻልህም? ብርሃን አለው፣ ወደቡን ታያለህ።»

«ወደቡን ጠግቤዋለሁ። ሰው የሚገባው በበሩ ነው።»

ልብስ ሰፊውን ጠራሁት። እሱ በትከሻው እኔ በወገቡ ይዘን አዞርነው። ትራሱን ከጀርባው ደገፍ አደረግንለት። ጎረቤታችን ወጣ፤ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አሁን ተመልሼ አጠገቡ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። አንድ ሰው ደረጃውን በወጣ ቁጥር ዓይኑን ይገልጣል፤ የላይኛው ፎቅ ልጆች ሲሆኑ መልሶ ይጨፍናል። መርከቧ ገና ከወደብ አልተነሳችም።

ናፍቀሽኛል። ሆዴ ባብቷል። ትልቅ ሴት ሆነሽ ከበረዶ በታች የምትጠልቂ ልጅ እንዳለችኝ ለሰው ሁሉ አወራለሁ፤ ዛሬ ግን ትንሽ ሆነሽ እዚሁ ጉያዬ ውስጥ ብትሆኚ ደስ ይለኝ ነበር።

ልምጣ ወይስ ልቆይ ላልሽው አልመለስኩልሽም። መሐላዬን ጠብቄያለሁ፤ አንድ ቀን ብትወቀሺ እሷ ነገረችኝ እንዳትዪ። አንቺን መመረቅ ግን አባትሽ አልከለከለኝም።

ባሕሩን ያርጋልሽ። ነፋሱ ከኋላሽ ይሁን። በደህና የሄደ እግርሽ በደህና ይመለስ፤ ደጃችንን ስትረግጪ የሚያይሽ ዓይን አይጥፋ።

እናትሽ