መጠይቅ ሞልቶ የሄደው ደንበኛ

ለሸሪኬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ጉሮሮህን በተለይ እጠይቃለሁ፤ ሥራህ መናገር ሆኗልና። እኔ ደህና ነኝ። አውራ ጣቴን የብየዳ ካውያ ስለለበለበኝ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሠኝ።

መልእክትህ ደርሶኛል። “የራስን ሥራ እንዴት እንጀምር” በሚል ርዕስ ለማሠልጠን ተመርጠሃልና እንኳን ደስ አለህ። ለሠልጣኞችህ የምታሳየውን የጥገና ቤታችንን ፎቶግራፍ እንድልክልህ፣ ሰው ባይታይበት እንደሚሻል፣ ከሥሩም “እኔ የመሠረትኩት” ብለህ እንደምትጽፍ ነግረኸኛል። አነበብኩና ሳቅሁ። አከራያችን እትዬ ሳቄን ከግቢ ሰምተው፣ ልጄ ኤሌክትሪክ ያዘሽ እንዴ ብለው እየሮጡ መጡ።

እስቲ የመሠረትከውን ላስታውስህ። ተመርቀን ይህችን መስኮት አልባ ክፍል ስንከራይ እኔ ጠረጴዛ ይቅደም አልኩ፤ አንተ ራዕይ ይቅደም አልክ። ራዕዩን በትልቁ አሳትመህ ግድግዳው ላይ ለጠፍክ። ወንበር ስላልነበረን ቆመን አነበብነው። ቀጥሎ የገበያ ጥናት አልክ። ያ ሽማግሌ ትዝ ይሉሃል? ተቃጥሎ የሚሸት ልብስ ማጠቢያ በጋሪ እየገፉ በራችን ላይ ሲቆሙ፣ እኔ ካቻቢቴ ላነሳ ስል እጄን ያዝከኝ። ጥናቱ ሳያልቅ ደንበኛ አንቀበልም አልክ። እሳቸውን ግን መጠይቅ አስሞላሃቸው፤ በአካባቢዎ የማሽን ጥገና ቢከፈት ይጠቀማሉ ወይ ብለህ! ሽማግሌው ማሽኑን አዩ፣ አንተን አዩ፣ ልጄ ይኼ ምን ይመስልሃል፣ ፍየል ነው? አሉህ። “አዎ” የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ጋሪያቸውን እየገፉ ማዶ ወዳለው ጠጋኝ ሄዱ። አንተም የደንበኛ ፍላጎት ተረጋገጠ ብለህ አጨበጨብክ።

ከዚያ በኋላ አንዱ ሥልጠና ሌላውን ሲወልድልህ ከረመ። ጓደኞችህስ! ስለ ዋና ሲያወሩ ውለው እግራቸውን ሳያርሱ የሚበተኑ ጉዶች። አንደኛው እዚህ ድረስ መጥቶ፣ እህቴ፣ ጥሩ ትሠሪያለሽ፣ ስትራቴጂ ግን የለሽም አለኝ። ቬንትሌተር እየፈታሁ ነበርና እስቲ ያዝልኝ አልኩት። ሸሚዙን አየና ስብሰባ አለብኝ አለ።

እኔም አልኩራራም። የመጀመሪያ ሥራዬ የጎረቤት ካፌ ጁስ መፍጫ ነበር። የሞተሩን ሥዕል እንደ አባቴ ስም አውቀዋለሁ። ስከፍተው ግን ሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር ገጠመኝ፤ የደረቀ ማንጎ። ጠርጌ ገጠምኩት፣ ጨሰ። ባለካፌዋ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ተምረሽ ነው ወይስ በር ተሳስተሽ? አሉኝ። አልቅሼ ደግሜ ፈታሁት። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ካርቦን አገላብጬ አስገብቼው ነበር። ሲዞር ጊዜ ጮህኩ፤ እሳቸውም ከመፍጫው የአንቺ ይብሳል ብለው ሳቁ። ይኼን የትኛው አዳራሽ ውስጥ ያስተምሩሃል? አሁን ደግሞ ማቀዝቀዣ መጠገን ልጀምር ነው። ስለማላውቅበት አንድ የሞተ ገዝቼ፣ ሆድ ዕቃውን ዘርግፌ እየተሳደብኩ ነው። ደስ ይላል።

እትዬ ውሉን ሊያድሱ መጥተው፣ የዚያ ልጅ ስም ይቀጥል ወይ አሉኝ። ሥልጠና ላይ ነው አልኳቸው። እስካሁን? ምን ያህል ቢከብደው ነው፣ አንጀቴን በላው አሉ፣ ከልባቸው አዝነው። ውሉ በእኔ ስም ብቻ ታድሷል። ፎቶውንም አልልክም። ሠልጣኞችህ ማየት ካማራቸው በሥራ ሰዓት ይምጡ፤ የተበላሸ ነገር ይዘው።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ጭንቅላትህ ውስጥ ያለውንም ወደ እጅህ ያውርድልህ። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ለሠርጋችን ያሰፉልኝ የነበረው ያ ነጭ ቀሚስ እንዳይባክን ለእህትህ ያድርጉላት፤ ወገባችን አይራራቅም፣ እጅጌው ብቻ ትንሽ ቢያጥር ነው። ለልኬት ሲጠሩኝ የቀረሁት ሥራ በዝቶባት ነው በላቸው። ውሸትም አይደለም።

የቀድሞ ሸሪክህ