የማሩ ሳጥን፣ የኔ አንቴና

እሑድ

ሁለት ብርጭቆ። ከፋብሪካ ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ታጥበው ጎን ለጎን ተደፍተዋል። ብርቄ ብቻዋን ሻይ ስትጠጣ አንድ ብርጭቆ ነው የምታጥበው። ሚስቴ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ የብርጭቆ ልማዷን አውቃለሁ።

"ማሩ መጥቶ ሳጥኑን ገጠመልን" አለችኝ። "ሳይወጣ ሳይወርድ! በአሥር ደቂቃ!"

ማሩ ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። አውቶቡስ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የሰው ቦርሳ ይፈትሻል። እዚህ አገር ከመጣ አራት ዓመቱ ነው፤ እኔ አሥራ ስምንት። ዕብራይስጡ ግን ከኔ ይሻላል። ይህን ስጽፍ እጄ ከበደኝ።

ሳጥኑን "ሜሚር" ይሉታል። ጥቁር፣ ትንሽ፣ አንዲት አረንጓዴ መብራት ያለው። አሮጌው ቴሌቪዥን በሱ በኩል አዲሱን ሥርጭት ይቀበላል። ስዕሉ ጥርት ያለ ነው። በጣም። ጎንበስ ብዬ ከኋላው ላየው ፈልጌ ነበር። ብርቄ እያየችኝ ስለነበር ተውኩት።

ሰኞ

በአማርኛው ራዲዮ ሰማሁ። አሮጌው ሥርጭት ሊዘጋ ነው። የሚለቀቀውን የአየር ሞገድ ለስልክ ሊሰጡት ያስባሉ። ቦታው ገና ሳይለቀቅ ተረካቢው ተሰልፏል። ማሽኑ ፊት ቆሜ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳብሰለስል ዋልኩ።

እስቲ የኔን ነገር ልጻፈው። በኛ መግቢያ ያሉት አራት ቤቶች የሚያዩት በአንድ አንቴና ነው። ጣሪያ ላይ፣ በውሃ ማሞቂያዎቹ መካከል የተከልኩት እኔ ነኝ። ትክክለኛ አቅጣጫውን በብርቄ ቀይ የጥፍር ቀለም ብረቱ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ። ነፋስ ሲያዞረው እወጣለሁ። ብርቄ ሚርፔሴቱ፣ በረንዳው ላይ፣ ትወጣና አንገቷን ወደ ላይ አድርጋ ትጮሃለች።

"መጣ?"

"ትንሽ ወደ ባሕሩ!"

"አሁንስ?"

"ጥላ አለው! አቁም፣ አቁም! አለፈ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!"

ጎረቤት ይስቃል። እኛም እንስቃለን። ቤት ውስጥ ግን ይህን ያህል አናወራም። ልጆቹ ከወጡ ወዲህ ወሬያችን "ጨው አቀብለኝ" ነው።

የፈራሁት ይህን ነው። ጣሪያው ከቀረ ምን ይቀረናል?

ማክሰኞ

ብርቄ ዛሬ ማሩን ያነሳችበት፦

ቁርስ ላይ። (እጁ ፈጣን ነው።)
በር ላይ። (ትሑት ነው።)
ራት ላይ፣ ሁለት ጊዜ። አልጽፈውም።

እማማ ትርንጎ ደረጃው ላይ ያዙኝ። ምድር ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሐሙስ ማታ በአማርኛው ፕሮግራም የልጅ ልጃቸው ትታያለች፤ ነርስ ሆና ተመርቃ። ለመንደሩ ሁሉ ነግረዋል።

"አያሌው ልጄ፣ እንግዲህ ጉልበትህ ይረፍ። ማሩ ይባረክ፣ ለኔም ሳጥኑን ገጠመልኝ፤ ጣሪያ መውጣት ቀረ ብሎኛል።"

ማጽናናታቸው ነው። "ኮል ሃካቮድ ለሱ፣ ጎበዝ ነው" አልኩና አለፍኩ።

ረቡዕ

ማሩን አገኘሁት። "ጋሼ አያሌው፣ ሳጥኑ እንዴት ነው?" አለ።

"ይሠራል።"

ሻዩስ ጣፈጠህ? ልለው ነበር። ዋጥኩት።

ቤት መግባት አላሰኘኝም። ባሕሩ ዳር ያለው ፓርክ ሄድኩ። እዚያ የወደቁት የጥንት ዓምዶች ድሮ ጣሪያ ተሸክመው ነበር። ዛሬ ሰው ተቀምጦባቸው ሱፍ ይቆረጥማል።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

አደረግኩት። ማንም አላየኝም። ካላስፈለገ ላውርደው ብዬ ነበር የወጣሁት። ብሎኑን ፈታሁ። ለብቻዬ ከበደኝ። ስለዚህ አዞርኩት። ፊቱን ወደ ባሕሩ፣ ምንም ወደማይመጣበት። እንደዚያው ትቼው ወረድኩ። ማንን ጎዳሁ? አሁን ማን ይፈልገዋል?

ሐሙስ፣ ከራት በኋላ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል ቴሌቪዥኖቹ ቢከፈቱ በአራቱም ቤት ስዕል የለም። ሰው ሁሉ እማማ ትርንጎ ቤት ተሰበሰበ። ማሩ ቁልፍ ይጫናል፣ ያጠፋል፣ ያበራል። ግንባሩ ላይ ላብ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመጻፍ ነው ይህ ደብተር፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ማሩ ሳጥኑን ዞር አደረገው። ከጀርባው ገመድ ወጥቶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ገመዱን አወቅኩት። የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

"ጋሼ አያሌው፣ ይሄ እኮ የሚቀበለው ከእርስዎ አንቴና ነው። ጣሪያውን ቢያዩልን?"

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ጨልሟል። ምልክቷን በጣቴ ዳበስኩ። ብርቄ ከሚርፔሴቱ፣ "የለም!" ትላለች። "አሁንስ?" "የለም!" በድሮው ጥላ ይመጣል፣ ድምፅ ይመጣል፣ ቀስ በቀስ ፊት ይሆናል። በዚህኛው መሃል የለም። ወይ አለ ወይ የለም።

"መጣ! መጣ!"

ከታች እልልታ ተሰማ። ስወርድ እማማ ትርንጎ በሁለት እጃቸው ፊቴን ያዙ። "ጀርባዋን አየሁት ልጄ። ነጭ ልብሷን ለብሳ ስትሄድ። ፊቷ አልፎ ነበር። ግድ የለም፣ ይበቃኛል። አንተ ባትኖር ጀርባዋንም አላይ።"

መረቁኝ። ቆሜ ተመረቅኩ።

ዓርብ

ብርቄ ዳቦ እየቆረሰች፣ "ትናንት ከሰዓት ጣሪያችን ላይ ድመት ሲሄድ ነበር" አለች። "ያንተን የሥራ ጫማ ያደረገ ድመት።"

በሩ ሥር ያለውን ጫማዬን አየሁ።

"ብርጭቆዎቹን ስታይም አይቼሃለሁ። ለሠራ ሰው ሻይ እንኳ አልስጥ?"

"ብርቄ..."

"ቆይ። እኔም አንድ ነገር አለብኝ።" ዓይኗን ከዳቦው አላነሳችም። "ስንቴ ስዕሉ መጥቶ ሳለ 'ገና ነው' ብዬሃለሁ መሰለህ?"

"ለምን?"

"ከወረድክማ ዝም ትላለህ።"

ነፋስ ባልነበረባቸው ቀናት እኔም ሰበብ ፈጥሬ የወጣሁትን ሁሉ አሰብኩ።

"ለእማማ ግን አንተው ንገራቸው" አለች። "ሰንበት ሳይገባ።"

ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቷል። ጫማዬን አድርጌ በሩ አጠገብ ቆሜ እጽፋለሁ። ከምድር ቤት የእማማ ቴሌቪዥን ይሰማኛል፤ ጥርት ብሎ። የተቀዳው ፕሮግራም ይገኝ እንደሆነ ማሩን ልጠይቀው አስቤአለሁ። ማሩን መለመን። ይሄም ይሁን።

ብርቄ ከሚርፔሴቱ ተጣራች።

"ወረድክ?"

"ገና ነው!" አልኳት።

ስትስቅ ሰማኋት።