ወንበር በላው ጭራቅ

ሐሙስ፣ ጥር 14

ለእትዬ፣

እናታችንም እኔም ደህና ነን፤ የእሷ ወገብ ብቻ እንደምታውቂው ነው። ትናንት «ዝም ብለህ ፈርምና ፈተናህን ተፈተን» ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለጠረቀምሽው የቀረውን በወረቀት ልጨርስ ብዬ ነው። ወረቀት አይጠረቀምም።

ነገሩን ከሥሩ ስሚኝ። ወንድማችን ሎጋው ከመሞቱ በፊት በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት፣ ወንበር ስለሚበላ ጭራቅ የጻፈውን ተረት ያነብ ነበር። ጭራቁ ጨዋ ነው፤ ልጅ አይነካም። በቀን አንድ ወንበር ብቻ ይበላል። መቀመጫ ያጣው ልጅ በገዛ እግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከቀብሩ ወዲህ የማነበው እኔ ነኝ፤ ስጀምር ሁልጊዜ «ደራሲው ወንድሜ ነው» እላለሁ።

ዘንድሮ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የኋላውን ሕንፃ ወስዶ ለሚከፍሉ ልጆች ብቻ አደረገው። አራት መምህራን ተቀነሱ። አንድ ዴስክ ላይ አምስት ሆነን እንጽፋለን፤ ግራኙ ጓደኛዬ ክርኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ቆሞ ነው የሚጽፈው። ባለፈው ማክሰኞ ጭራቁ ጥርሱን እየጎረጎረ «መቼ ልጅ ነካሁ?» ሲል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ከጽሕፈት ቤቱ ደራሲው ማን እንደሆነ ፈርመህ አረጋግጥ የሚል ደብዳቤ መጣ። እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም፤ ጭራቁን ሰምተው ራሳቸውን ያወቁት ራሳቸው ናቸው።

እርማትም ልከዋል። ጭራቁ ወንበሩን የሚበላው ሊጠግነው ነው ይባል አሉ። በልቶ መጠገን እንዴት ያለ ነገር ነው? ካልሆነም ከሩቅ አገር የመጣ ጭራቅ ይሁን አሉ። የቋንቋ መምህራችን እንኳ ለምን ቀበሮ አታደርገውም ብለውኛል። ቀበሮ ወንበር ይበላል? ታከተኝ እኮ፣ እትዬ።

ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለት ወረቀት ፊቴ ዘረጉ። አንዱ ተረቱን የጻፈው ሟቹ ነው፣ እኔ አንባቢ ብቻ ነኝ ይላል። ሌላው የጻፍኩት እኔ ነኝ ይላል፤ እሱን የፈረመ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይታገዳል፣ ፈተናውም ያመልጠዋል።

«በእሱ አሳብብ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሙት አይከሰስም። ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

አንቺም ያልሽኝ ይህንኑ ነው። ከሞተ ስድስት ወር ሳይሞላው ሁላችሁም መሸሸጊያ አደረጋችሁት።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የሎጋው ደብተር አሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ አነበብኩና አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ ልጆቹ የሳቁበትንም ጽሕፈት ቤቱ የተቆጣበትንም፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእሱ ስም ሳነበው ሳምንቱን ሲጽፍ የሰነበተ ይመስል ነበር። የሞተ ሰው አዲስ ነገር አይጽፍማ።

ሁለተኛውን ወረቀት ፈረምኩ። ርዕሰ መምህሩ ብዕሩን ሊቀሙኝ እጃቸውን ሰድደው ነበር፤ ቀደምኳቸው። ከማክሰኞ ጀምሮ ሚኒ ሚዲያው ዘፈን ብቻ ያሰማል ተብሏል።

ለእናታችን አንቺ ደውለሽ ንገሪያት። እኔ ስነግራት ታለቅሳለች፤ አንቺን ቢያንስ ትቆጣሻለች። እኔን ደግሞ እንደፈለግሽ ተቆጪኝ፤ ብቻ እስክጨርስ ሳትሰሚኝ አትዝጊ።

ዕድሜ ይስጥሽ። ይህን ለደንቡ ብዬ አልጻፍኩትም።

ብቸኛው ወንድምሽ