ጽሑፍ የሌለው ክፍል

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ… ግን ደስ ብሎኛል። ማዳም ፀጉር ቤቱን ለሁለት ሳምንት ዘጋችው። በዓሉ ስላለፈ ደንበኛ አይመጣም፣ እኔም እህቴ ዘንድ ሄጄ ልረፍ አለች። ሌሎቹ ልጆች ፊታቸው ጠቆረ። እኔ በልቤ የማየውን እየደረደርኩ ነበር። ያላለቀው ማንጋ፣ የጃፓኑ የሥዕል መጽሐፍ… ሁለቱ አኒሜዎች፣ ካርቱኖቹ… ያ ሁሉም አይቶት እኔ ብቻ የቀረሁበት የጃፓን ድራማ።

ልወጣ ስል አስቀረችኝ። ቁልፉን ጣቷ ላይ እያሽከረከረች።

«እጅሽ ጥሩ ነው። የጠፋው አፍሽ ነው።»

ማስኬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«አንዲት ደንበኛ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ያቺ ልጅ እንደ ሬሳ ነው የምታጥበኝ አለች። አፍስሳ፣ አሽታ፣ ጠቅልላ ሸኘችኝ አለች።»

ዝም።

«ይኸው፣ አሁንም። ስንመለስ እንዲሁ ከሆንሽ ሌላ ልጅ አመጣለሁ። እንዳትቀየሚኝ።»

እሺ አልኩ። የሰማችኝ አይመስለኝም።

ምን እንዳወራላቸው ነው የሚፈልጉት? አጠገቤ የምታጥበው ልጅ፣ ለፍላፊዋ፣ ገና ጭንቅላታቸውን ሳያስደግፉ ትጀምራለች። ባልሽ ደህና ነው? ፀጉርሽ እንዴት በዛልሽ? አልበዛም። ገንዳው ውስጥ የሚቀረውን የማነሳው እኔ ነኝ። ግን ደስ ይላቸዋል። ውሸት በሞቀ ውሃ… እሱን ነው የሚወዱት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 15

ሊቁ መጣ። የአክስቴ ልጅ። ሊቁ ያልኩት እኔ ነኝ፣ በልቤ። ዩኒቨርሲቲው ስለተዘጋ እናቱ ቤት ሊያርፍ ነው። እኔም ስምንተኛ ላይ ካቆምኩ ጀምሮ የምኖረው እዚሁ እናቱ ቤት ነው። እና ሳሎኑ የእሱ ሆነ። ሪሞቱም። የሶፋው ክንድም፤ ካልሲውን የሚያደርቀው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ጥሩ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ሀርድ ዲስክ። የምፈልገው ሁሉ አለው። ድራማውም አለ። ሰዎች በፈቃዳቸው ተርጉመው፣ ከስር በአማርኛ ጽፈውበት።

እሱ ግን አያይም። ይዘላል። አኒሜ የሚያየው በእጥፍ ፍጥነት ነው። የምታለቅሰዋ ልጅ እንደ ጫጩት ትንጫጫለች። ድብድብ ሲመጣ ብቻ ወደ ልኩ ይመልሰዋል።

«ወሬው ምን ያደርግልሻል? ጊዜ መቆጠብ ነው።»

የቆጠበውን ጊዜ ምን አደረገበት? ተኛበት።

ማንጋውንማ… ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እሱ ከግራ ይጀምራል። ሰው ሳይጠየቅ ይመልሳል። መጀመሪያ ይወድቃል፣ ከዚያ ቡጢው ይመጣል። ሁለት ሙሉ መጽሐፍ እንዲህ ጨርሶ «ደራሲው ጊዜን የሚገለብጥበት መንገድ ጥልቅ ነው» አለኝ።

አልነገርኩትም። ጥልቅ ይሁንለት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 16

ሊቁ የአኒሜውን መጨረሻ ነገረኝ። ምሳ ላይ። ጉንጩ ሙሉ እያለ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 18

ሊቁ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ድራማውን ጀመርኩ።

አንድ ባቡር ጣቢያ ውስጥ የጠፋ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል አለ። እዚያ የምትሠራ ሴት። ቦርሳ፣ ዣንጥላ፣ አንድ እግር ጫማ… ሁሉንም መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች። ዝናብ በዘነበ ቁጥር አንድ ሰውዬ ይመጣል። ጥቁር ዣንጥላ ጠፍቶብኝ ነበር። አልተገኘም። ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፣ ይሄዳል። በቃ። ይሄ ነው። እንዴት ደስ ይላል። ማንም ማንንም ባልሽ ደህና ነው አይልም። ጃፓን ተወልጄ ቢሆን ማዳም እኔን ታባርር ነበር?

አክስቴ ልብስ ልታጥፍ መጥታ እዚያው ተቀመጠች።

«ምን አለ?»

«ዣንጥላ ጠፋብኝ አለ።»

«እሷስ?»

«አልተገኘም አለች።»

«ውሸቷን ነው። ፊቷን አየሽው? እሷው ናት የወሰደችው።»

አክስቴ ፊደል ታውቃለች። ግን አንዱን ቃል ለቅማ ሳትጨርስ ጽሑፉ ሄዷል። ስለዚህ እኔ ላንብብላት። ሰዎቹ ዝም ሲሉ ደግሞ ይብስባታል።

«አሁንስ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ተፋጦ ምንም?»

ስንት ቀን የጠበቅኩትን ድራማ በአክስቴ «ምን አለ» ውስጥ አየሁት። ሸሚዝ ስታጥፍ ደግሞ ትክክል አታጥፍም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 20

ይባስ ብሎ ከትናንት ጀምሮ ተከራይዋ ተጨመረች። የጓሮዋን ክፍል በቅርቡ የተከራየችው ሴትዮ። ብቻዋን ነው የምትኖረው። አክስቴ ናት በመስኮት የጠራቻት። «ነይ እንጂ፣ ልጄ እያነበበች ታሳየናለች።» እንደ ሬዲዮ።

መነጽሬን ረሳሁት አለች። ትናንትም ረስታው ነበር። የሚረሳ መነጽር ያላት አይመስለኝም።

ሰውየው በዝናብ ርሶ ቤቱ ገብቶ ልቡ ሲሰበር፣ እሷ የምታየው ወለሉን ነው። «ጫማ አውልቀው መግባታቸው ደግ ነው። ለወለል ጥሩ ነው።» እንዲህ ያለ ሰው ድራማ ምን ይሠራለታል? የቤት ዕቃ ማስታወቂያ ይበቃታል።

«ጮክ በይ እንጂ የኔ እናት። ለራስሽ ነው እንዴ የምታነቢው?»

አዎ። ለራሴ ነበር።

ድምፄ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማን እንደተናገረ አይለዩም። እሱ ነው? እሷ ናት? የጣቢያው አለቃ ነው? ሲሰለቸኝ ለሰውየው ድምፄን ወፈር አደረግኩት። ዝም እንዲሉልኝ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 22

አወቅኳት።

ሞቀኝ ብላ ጭንቅላቷን ሶፋው ጀርባ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የቴሌቪዥኑን ገመድ እያስተካከልኩ ነበር። ቁልቁል አየኋት። ያ አገጭ… ከስሩ ያለችው ጠባሳ። ደንበኞቻችንን የማውቃቸው በተገለበጠ ፊት ነው። ግንባራቸው ወደ እኔ፣ አገጫቸው ወደ ጣሪያው። ቀጥ ብለው መንገድ ላይ ቢመጡብኝ አንዷንም አላውቃት። እሷማ እኔን ከየት ታውቀኛለች? በቅባቱ ሽታ ምክንያት ማስክ አድርጌ ነው የምሠራው። እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ ነው ታጥባ የምትነሳው።

አክስቴ ጓዳ ነበረች። እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች ማውራት ጀመረች።

«አንቺ ስታነቢ ጭንቅላቴን ቀለል ይለኛል። ፀጉሬን የምታጠብበት ቤት አንዲት ልጅ አለች… ተይኝ። እንደ ሬሳ ነው የምታጥበኝ። ለባለቤቲቱ ነግሬያታለሁ።»

ገመዱን ያዝኩ።

«ሰው እጁን ጭንቅላትሽ ላይ አድርጎ ዝም ሲል ያስፈራል እኮ። እኔን ደግሞ በሳምንት አንዴ ሰው የሚነካኝ እዚያ ነው።»

እኔ ነኝ እትዬ… ማለት አቃተኝ። ደግሞስ ለምን እላለሁ? እንጀራዬን የዘጋች ሴትዮ። በየቀኑ ሶፋችን ላይ ተቀምጣ ድራማዬን ታይብኛለች፣ ሰኞ ደግሞ በእሷ ምክንያት እባረራለሁ። ነገ አላነብላትም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 23

አነበብኩላት። አክስቴ ናት የጠራቻት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24

ተርጓሚው ሰነፍ ነው። ሰውየው ረጅም ነገር ተናግሮ ይጨርሳል፣ ከስር «እሺ» የሚል ብቻ ይመጣል። ማን ያምናል? ሴቶቹም አላመኑም። «ይህን ሁሉ አፉን አንቀሳቅሶ እሺ ብቻ?» ስለዚህ ሞላሁለት። ትንሽ። ዛሬ ቢሮ ሰው በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት፣ ምናምን። ከዚያ ለሴቲቱም ጨመርኩላት፤ እሷ ብቻ እንዳትቀር።

ሊቁ በር ላይ ቆሞ ሲሰማኝ ነበር ለካ።

«ጃፓንኛ ቻልሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ይሄ እኮ አልተጻፈም።»

«አንተ ዝለል» አልኩት።

አልኩት። በአፌ። አክስቴ ዞራ አየችኝ። «ድምፅ አላት ለካ» አለች ለተከራይዋ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ።

ጉሮሮዬን ከረከረኝ። በሥራ ደክሞት አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 26

የሆነው ሁሉ ይጻፍ።

የመጨረሻው ክፍል ነበር። ሊቁ ወጥቷል። አክስቴ ተቀምጣለች፣ ተከራይዋ ተቀምጣለች፣ የሚታጠፈው ልብስ እንኳ ቅርጫቱ ውስጥ ቀርቷል። ከፈትኩት። ሴቲቱ ተናገረች። ከስር ምንም የለም። አለቃው ተናገረ። ምንም። ጽሑፍ የለውም። ሰነፉ ተርጓሚ አልጨረሰውም።

የለውም ማለት ነበረብኝ። ነገ እናየዋለን ማለት። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው እየጠበቁ ነው። ታች ጽሑፉን ማየት ከተዉ ቆይተዋል። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ሌላ ነው።

«ዛሬ እኮ ዝናብ የለም» አልኩ በእሷ ድምፅ።

«አዎ። ዛሬ ሳይዘንብ መጣሁ» አልኩ በእሱ።

ሰውየው ጥቁር ዣንጥላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እግዜር ይስጠው፣ ይሄኛውን ማንም ይረዳዋል።

«ቤቴ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«እሱው ነው ሌባው» አለች አክስቴ። «እኔ ደግሞ እሷን…»

ከዚያ ሴቲቱ ጀርባዋን ሰጠች። ወደ መደርደሪያዎቹ ዞራ ቆመች። አፏ አይታይም። አንድ አጭር ነገር ብላ ዝም ያለች ይመስለኛል። እኔ ግን አናገርኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«ደመና ባየሁ ቁጥር መስኮቱን የምከፍተው እርስዎ ይመጡ እንደሆነ ብዬ ነው። አልተገኘም ከማለት ሌላ ቃል አጥቼ ነው እንጂ… ብዙ ነገር አስቤ ነበር። ሰው ዝም ሲል ባዶ ነው ማለት አይደለም። አይሂዱ።»

ሰውየው ጎንበስ አለ። ሻንጣውን አንስቶ ወጣ። በቃ፣ ወጣ። እኔ አይሂዱ አሰኝቼ ጨርሼ።

«ሄደ እኮ» አለች ተከራይዋ።

«ዕቃውን ሊያመጣ ነው።»

«ምን ዕቃ?»

«አልጋውን…» አልኩ።

አክስቴ ሳቀች፣ እያለቀሰች። «ይመለሳላ። አልጋ የሚያመጣ ሰውማ ይመለሳል።»

ተከራይዋ አልሳቀችም። ቴሌቪዥኑ ከጠፋም በኋላ እሱኑ ታያለች። «ሲሄድ እኔ በር ላይ ቆሜ አንድ ቃል አላልኩትም» አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅናትም። አክስቴ ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻት።

ልትወጣ ስትል ሻርፗን አስተካከለች። «ሰኞ ፀጉሬን ልታጠብ ነው። ያቺ ልጅ ካለች ግን እመለሳለሁ።»

እሑድ፣ ሚያዝያ 27

ሊቁ ጽሑፉን አገኘው፤ ጠዋት ነው የተለቀቀው። ብቻዬን አየሁት።

ሰውየው ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ዣንጥላው ቤቴ ነበር፣ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ አለ። ሴቲቱ ወደ መደርደሪያዎቹ ዞረች። ረጅም ዝምታ። ከስር ምን መጣ? «በመንገድዎ ይጠንቀቁ።» ሌላ ምንም። ሄደ። አይመለስም። አልጋ የለም።

ተናደድኩ። በተርጓሚው አይደለም፣ በሴቲቱ። ምን አለበት አንድ ነገር ብትዪ? አጠገብሽ ቆሟል፣ አፍ አለሽ… ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ለባዶ ሳሎን። ከዚያ የማንን ነገር እንደምናገር ገባኝ። የማዳምን። ጣቴ ላይ የማሽከረክረው ቁልፍ ብቻ ነው የቀረኝ።

ሊቁ ወጥ እያጠቀሰ «እናቴ ሰውየው ይመለሳል ትላለች። ምን ብለሽ ነው ያነበብሽላቸው?» አለኝ። በዚያ ፈገግታው። «እኔ እነግራቸዋለሁ እንግዲህ።»

ለእናቱ ይንገር። መጨረሻ መንገር ሥራው ነው። ለተከራይዋ ግን እሱ አይነግራትም። ያውም በእጥፍ ፍጥነት።

ነገ ፀጉር ቤቱ ይከፈታል። ማዳም አፌን ታያለች፣ ለፍላፊዋም ጆሮዋን ትቀስራለች። ይስሙ። ተከራይዋ ስትመጣ እኔ ነኝ የማጥባት፣ ማንም ሳይቀድመኝ። ያቺ ልጅ ናት ብላ ከመመለሷ በፊት ማስኬን ከአፌ አውርጄ «እትዬ፣ ይምጡ» እላታለሁ። ድምፄን ታውቀዋለች። ፀጉሯን አርጥቤ፣ ሳሙናውን አድርጌ፣ ደህና አድርጌ አረፋ ሲይዝላት፣ «ሰውየው አልተመለሰም፤ አይሂዱ ያልኩት እኔ ነኝ» እላታለሁ። ትቆጣ። የፈለገችውን ትበል። ጭንቅላቷ ሙሉ አረፋ ይዛ የትም አትሄድም፤ እስክትለቃለቅ ድረስ የቀረውን እነግራታለሁ።