ደሞዝሽ ከኔ ያንሳል፤ ግን ነይ

እታለም፣

እንደምነሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ አቧራ በነካው ቁጥር የሚያስነጥስሽ አፍንጫሽስ? ያከራየችሽ ሴትዮ ውሻዋን ማሰር ጀመረች ወይስ አሁንም ተረከዝሽን እየተከተለ ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ። ወገቤ ቀጥ፣ ጫማዬ አዲስ፣ ፀጉሬ በየሳምንቱ ይስተካከላል። ባለፈው አንዷ ሴትዮ የሳሎኗን ሴራሚክ አንጥፌ ስጨርስላት ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ በገዛ ቤቷ! "ልረግጠው አሳዘነኝ" አለች። ይኸው እንዲህ ነው እየሠራን ያለነው።

ደብዳቤ ጻፈልኝ ብለሽ አትሳቂ። ስልክ ብደውል "ሥራ ላይ ነኝ" ብለሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ። ባትዘጊም እማዬ አለች። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጆሮዋ ጉድ ሆኗል፤ ጓዳ ሆኜ ኪሴን ስነካ "ምን ልትገዛ ነው?" ትለኛለች። ስለዚህ ሥራ ቦታ፣ የሴራሚክ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ፊደሌ ቢጣመም ቻይው። ትምህርት ቤት እያለሁም አንቺ ነበርሽ የቤት ሥራዬን የምትሠሪው።

በቃ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለምን እንደቀረሽ አውቃለሁ። ሥራ በዝቶብሽ አይደለም። የዚያ እሁድ ምሳ ነው።

አጎቴ እንደሆነ ያው አጎቴ ነው። ሆዱ ሲሞላ አፉ ይከፈታል። ጥርሱን እየጎረጎረ "እስቲ በየተራ ደሞዛችሁን ተናገሩ" አለ። ሲጀምር የራሱን ጠራ፤ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከነአበሉ፣ ከነምናምኑ። ከዛ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የልጇን፣ የፀጉር አስተካካዩን ተናገረች። እሷ መቼም ስለ ልጇ ሳትጠየቅም ትመልሳለች። ከዛ እኔ። በካሬ ስንት እንደምቀበል፣ በሳምንት ምን ያህል እንደማነጥፍ ስነግራቸው አጎቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዛ አንቺ ጋ ደረሰ።

ጨምረሽ ብትናገሪ ማን ያውቅብሽ ነበር? አንቺ ግን መዋሸት አትችይም፤ የሁለታችንንም ድርሻ እኔ ነኝ የወሰድኩት። እውነቱን ተናገርሽ። አጎቴ "እንዴ፣ ያ ሁሉ ዓመት ዓይንሽ እስኪጠፋ የተማርሽው ለዚህች ነው? ምነው ያኔ መንጃ ፈቃድ ባወጣሁልሽ!" ብሎ ሳቀ። እማዬ ደግሞ፣ የኔ እናት፣ ቆጣ ብላ "እሱ እኮ ለታክሲ የሚሰጧት ነው። ዋናውን መሥሪያ ቤቱ ያስቀምጥላታል" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ። ግን ሳህን ላጥብ ብለሽ ወጣሽና ቧንቧው ሲፈስ ቆየ፣ ሲፈስ ቆየ። አንቺ ውሃ በከንቱ ሲፈስ ካየሽ የሰው ቤት ገብተሽም የምትዘጊ ሰው ነሽ። ከዛን ቀን ወዲህ ቤታችንን አልረገጥሽም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ላባብልሽ አልችልም። ደሞዝሽ ከኔ ያንሳል። ከአጎቴም ያንሳል። ከፀጉር አስተካካዩም ያንሳል፣ እሱ ደግሞ የኔን ፀጉር እንኳን አንድ ጎን አስረዝሞ ነው የሚለቀኝ። ግን አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ? እኛ ሳይት ላይ እንዳንቺ ኢንጂነር የሆነ አንድ ልጅ አለ፣ መነጽራም፣ ቀጭን፣ ንፋስ የሚወስደው። አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርቶኝ ዞር ዞር ካለ በኋላ "ቅዳሜ ቅዳሜ ሴራሚክ ማንጠፍ ብታስተምረኝ፣ ቤት ኪራይ ከበደኝ" አለኝ። ሳቅሁበት። ከዛ አስተማርኩት። ያልሰበረው ሴራሚክ የለም ብልሽ ይቀላል። አውራ ጣቱንም ቀጠቀጠ።

ያው ልጅ ሰኞ መጥቶ የጨረስኩት መታጠቢያ ቤት ላይ በባልዲ ውሃ ደፋበት። ውሃው ወደ ማስወገጃው መሄድ ትቶ ወደ በሩ መጣ። "አፍርሱት" አለ። ባለቤቱ ጮኸ። ኮንትራክተሩ ጮኸ። እኔም ጮህኩ፣ ከሁሉም በላይ እኔ። "አንተ ቅዳሜ መዶሻ አያያዝ ያሳየሁህ ልጅ አይደለህም?" አልኩት። "ነኝ፣ ግን አልፈርምም" አለ። ኮንትራክተሩ "ነገ ሌላ ኢንጂነር አመጣለሁ" ሲለው "አምጣ፣ እሱም ውሃ ይድፋበት" አለው። አፈረስኩት። ቀኑን ሙሉ በልቤ ስሰድበው ዋልኩ። ግን ወደ ቤት ስሄድ አንቺ ትዝ አልሽኝ። "አልፈርምም" ማለት በካሬ ሲሰላ ስንት እንደሚያወጣ እስካሁን አላውቅም። የሚከፍለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ደግሞ ያንን ጊዜ አልረሳሁም፣ አንቺ ጋ የመጣሁ ጊዜ። ላይኛው ሰፈር ውሃ የገባ ቀን። ሰዉ በባልዲ፣ በጄሪካን ይጋፋል፤ አንዷ እናት በቧንቧው ውሃ ፊቷን እየታጠበች ትስቃለች። አንቺ ከኋላ ቆመሽ ብስኩት ትበያለሽ፣ ጫማሽ ጭቃ በጭቃ። "ይሄን ያመጣሁት እኔ ነኝ በያቸው እንጂ!" ብልሽ "ዝም በል፣ ካወቁ ያፍሩኛል" አልሽኝ። እኔ ብሆን ግድግዳው ላይ ስሜን እጽፍ ነበር። አሁን ሥራውን ልተወው ነው ያልሽውን ሰምቻለሁ። የራስሽ ጉዳይ ነው። ግን አጎቴ ጥርሱን ስለጎረጎረ ብለሽ አትተይው።

እሺ፣ አሁን ደግሞ አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ልብስ ሰፊዋ በመጣች ቁጥር እማዬን "ኢንጂነሯ ምን ላከች?" ትላታለች። እማዬ ስለ ዝናቡ ታወራለች። በበጋም ስለ ዝናቡ ታወራለች። ይሄ ዝናብ አንጀቴን በላው። አንድ ቀን እማዬ መታጠቢያ ቤት አዳለጣት፣ አትደንግጪ፣ ክርኗን ብቻ ነው የመታት። እኔም የማያዳልጥ ሴራሚክ ገዝቼ አነጠፍኩላት። ሳበቃ በርከክ ብላ በእጇ እየዳበሰች "ይሄ ከየት መጣ?" አለችኝ። አፌ ቀደመኝ። "እታለም ናት የላከችው። ዓይነቱንም እሷ ናት የመረጠችው፣ እኔ ጉልበቴን ብቻ ነው ያዋጣሁት" አልኩ። በራሴ ደነገጥኩ እኮ! እኔ፣ ሌላ ሰው ያነጠፈውንም የኔ ነው የምለው ሰውዬ፣ የገዛ ሥራዬን አሳልፌ ሰጠሁ!

እማዬ ልብስ ሰፊዋን ጠርታ አስረገጠቻት። በካልሲ አስረገጠቻት፣ እንደማያዳልጥ እንድታይ። ፊቷ እንዴት እንዳበራ ብታይ አትፈርጂብኝም። በዛው ቀጠለ። ፍራሹም ያንቺ ሆነ። ሬዲዮኑም ያንቺ ሆነ። ብቻ ምን አለፋሽ፣ አንቺ በጣም ጥሩ ልጅ ሆነሻል።

አሁን ደግሞ ዓይኗ መጣ። ሞራ ነው፣ የግራው ብሷል። ዶክተሯ ቶሎ ካልተነሳ አስቸጋሪ ይሆናል አለች። ተራ አስያዝኩ፣ ከፈልኩ፤ ማለቴ፣ ከፈልሽ። ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ትናንት እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ልጄ ካልመጣች እዛ አልጋ ላይ አልወጣም" አለች። "እሷ ከፍላ፣ እሷ ሳትኖር? ዓይኔ ሲገለጥ እሷን ካላየሁ ምን ላይበት ነው፣ ያንተን ጫማ?" አለችኝ። ለመንኳት። ዶክተሯ በስልክ ለመነቻት። አጎቴም መጥቶ ሊቆጣ ሲሞክር "አንተ ዝም በል፣ ያስቀረሃት አንተ ነህ" አለችው። እሱም እንደ ተማሪ አንገቱን ደፋ። ማክሰኞ ካለፈ ቀጣዩ ተራ ሩቅ ነው፣ ሞራው ደግሞ ተራ አይጠብቅም። እውነቱን ብነግራትስ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ልብስ ሰፊዋ ፊት ቀና ያደረገችውን አንገት እንደገና ላስደፋት? አልችልም።

ስለዚህ ነይ። ባዶ እጄን እንዴት እመጣለሁ እንዳትይ፣ አንቺ ሁሉንም ልከሽ ጨርሰሻል። ስታመሰግንሽ አሜን በያት፣ ሌላ ምንም አትጨምሪ። አሜን ውሸት አይደለም። ሴራሚኩ ግራጫ ነው፣ ዓይንሽን አፍጥጠሽ "የምን ሴራሚክ?" እንዳትዪ። ፍራሹን ለምን ጠንካራ መረጥሽ ካለችሽ "ለወገብሽ ብዬ ነው" በያት። ሬዲዮኑን ባትጠይቅሽ ይሻላል፣ እሱ ርካሽ ነው፣ ትንሽ ያንኮሻኩሻል። እሱን ወንድሜ ነው የመረጠው በያት።

ይሄን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አጎቴ ራሱ ነው። ጭነቱን አራግፎ እሁድ በናንተ በኩል ይመለሳል፣ መጥቶ በርሽ ላይ ይቆማል። ይቅርታ የምትባል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም፣ አትጠብቂያት። ግን የጋቢናውን ወንበር በሳሙና አጥቧል፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ። ሲጋራም እዛ ውስጥ ማጨስ ትቷል። "አቧራ ያስነጥሳታል አይደል?" ብሎ የመስኮቱን ላስቲክ አስቀይሯል። እና ዝም ብለሽ ግቢ። ወሬ ከጀመረ ደግሞ ስለ ጎማ ጠይቂው፣ መንገዱን ሙሉ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቶኛል። እማዬ አንቺን ስትመርቅ ሁልጊዜ የኔን እጅ ይዛ ነው። "ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ" እያለች የኔን ጣት ታሻለች። ቅርብ ያለው እጅ የኔ ስለሆነ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ትናንት ግን መዳፌን ስትዳብስ ቆየች፤ ሲሚንቶ ትንሽ በልቶታል፣ የሥራ ነው፣ ምንም አይደለም። ከዛ "ልጄን ንገራት፣ እጇን ቅባት ትቀባው፣ ተሰነጣጥቋል። እሁድ እሁድም ትረፍ፤ ለእናት ዓይን ብላ ጉልበቷን አትጨርስ" አለችኝ። እንዴ! ያንቺ እጅ እስክሪብቶ የሚይዝ እጅ፣ ከየት መጥቶ ይሰነጠቃል? እርጅና ነው መሰለኝ። ከዛ ብቻዋን ሳቀች። ትራሷ ስር እጇን ሰድዳ አንድ ቆርቆሮ ቅባት አወጣችና "እስክትመጣ ድረስ አንተ ተቀባላት" አለችኝ።

ምን ላድርግ፣ ተቀባሁልሽ።

በይ እንግዲህ፣ መንገድሽን ፈጣሪ ያቅናልሽ። ጎማው አይፈንዳ፣ አጎቴም አይዝፈንብሽ። የዘረጋሽው ቧንቧ አይሰበር፣ ያጠጣሽው ሰው ሁሉ ይመርቅሽ። ደሞዝሽንም ይጨምሩልሽ፣ ከኔ እንዳይበልጥ እንጂ። እማዬ ዓይኗን ስትገልጥ አንቺ ከፊት ቁሚ፣ እኔ ከኋላሽ እቆማለሁ፤ ረጅም ስለሆንኩ ሁለታችንንም ታየናለች።

ሳምሻለሁ፣

ታናሽ ወንድምሽ፣
ሴራሚክ አንጣፊው (ከከተማው አንደኛ)