የእርሳስ ሥራዬ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ እማዬ? ጉልበትሽ ደረጃውን ያስወጣሻል? ያ ክፉ ሳልስ ለቀቀሽ? አባዬ አሁንም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን በፍለጋ ያምሳል? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ ያንቺ ቁጣ ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በስልክ የነገረኝን ሰምቼ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እርሳስ ሥራ ላይ ገብቻለሁ ብዬ ብጽፍልሽ፣ ልጄ ቢሮ ገባች፣ ጸሐፊ ሆነች እያልሽ ለጎረቤት ሁሉ አወራሽ አሉ። እማዬ፣ እርሳስ ያልኩሽ ያንን የሚጻፍበትን አይደለም፤ ግራጫውን፣ ከባዱን ብረት ነው። እሱን እያቀለጥኩ ለጀልባ አፈሳለሁ። ደግሞ እንዳትደነግጪ፤ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ እስከ ክርኔ ጓንት አጥልቄ ነው የምሠራው።

ሥራ ቦታችን ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ ነው፤ ሰጋቱራውና የቀለሙ ሽታ ቤት ድረስ ይከተልሻል። ዋናው አናጢ ቃል ስለማያባክን ቁጥቡ እንለዋለን። ዘንድሮ የሚሠራው ለገዛ ልጁ ነው። ልጅቷ በትንሽ የሸራ ጀልባ ብቻዋን ትልቁን ባሕር ላቋርጥ ብላ ተነሥታለች። እናቷ በሕይወት የለችም፤ ቁጥቡም ከእሷ ሌላ ሰው የለውም።

ጀልባ ሲያዩ ሁሉም የሚያደንቀው ሸራውን ነው። እኔ ግን እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ልቤ የሄደው ከሆዱ በታች ውሃ ውስጥ ወደተደበቀው እግር ነው። ነፋስ ሸራውን ሲገፋ ጀልባው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው፤ ማዕበል ሲያጋድመውም ውስጡ ያለው እርሳስ ወደ ታች ስቦ መልሶ ያቆመዋል። ልጅቷ ጠባብና ወደ ታች የረዘመ እግር ፈልጋ ነበር፤ እሱ ፈጣን ነው። ቁጥቡ ደግሞ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ፣ መሪውን ከልሎ የሚይዝ፣ ድንጋይ ቢነካው የማይበገር ይሁን አለ። ስንት ቀን ተጨቃጨቁ መሰለሽ። በመጨረሻ፣ እኔ የምሠራልሽ እንድትደርሺ ነው እንጂ እንድትቀድሚ አይደለም አላት፤ እሷም በእሱ ሐሳብ ተስማማች። እጁን ብታዪ ትወጂው ነበር። በመዳፉ ዳበስ ያደርግና ዓይን ያላየውን እብጠት ያገኛል።

ያፈሰስኩት እርሳስ የበረደ ዕለት ጠጋ ብሎ፣ እናትሽ ከቤት ስትወጪ ምን ትልሽ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። በሰላም ግቢ ነዋ፣ አልኩት። በራስሽ ፊደል እዚያው ላይ ቅረጪልኝ አለኝ። በመሮ ቀረጽኩት። አሁን ቀለም ተቀብቶበታል፤ ማንም አያየውም።

ትናንት ጀልባው ተፈተነ። ክዳኑን ሁሉ ዘግተን፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ገመድ አስረን፣ ምሰሶው ውሃ እስኪነካ ድረስ ጎተትነው። እንደዚያ በጎኑ ተኛ። ካልተነሣ ልጄን አልሸኝም ብሏል አባትየው፤ ለልጅቷም የዓመታት ሕልሟ ነው። ቁጥቡ ጀርባውን ሰጥቶን ንጹሑን መሮ ይወለውላል። ገመዱ ተለቀቀ። ጀልባው ትንሽ እንደ ማሰብ አለና ውሃውን እያራገፈ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጅቷ አላጨበጨበችም። ሄዳ አባቷን ትከሻውን ይዛ አዞረችው። አየው፣ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ከነገ ወዲያ ትነሣለች። ስወጣ ስገባ ስትይኝ የሰለቸኝ ቃል፣ እማዬ፣ አሁን የሰው ልጅ ተሸክሞ ባሕር ሊሻገር ነው። አንቺም ስትጸልዪ ጨምሪያት።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ወንድሜን ለወሬው አመስግነሽ ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። አክስቴን ስለላከችልኝ ሹራብ እጇ ይባረክ በያት፤ ክንዱ ቢረዝምም ይሞቃል። ጎረቤቶችሽን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ያወራሽላቸውን ግን እንዳታስተባብዪ፤ ልጅሽ በእርሳስ ጽፋለች።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከጀልባ መሥሪያው አዳራሽ
ኅዳር ፲፩ ቀን