ሳልተኛ የተቃናው ፊቴ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ እናቴ፣ ለወይዘሮ ወርቅውሃ፤

እንደምን ከረሙልኝ እናቴ? ከፋሲካ ወዲህ እንደምን አሉ? ጉልበትዎ ከቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ጋር ታረቀ ወይስ እንደተኳረፉ ናቸው? ከሐዘኑ በኋላ እህል በወጉ ይቀምሳሉ ወይስ ማሪቱን ‹‹በልቻለሁ›› እያሉ ያታልሏታል? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ልጅዎ ዳኜ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን። እንዲያውም ጤና ከመሆን አልፌ መልከ መልካም ሆኛለሁ። ደብዳቤውን የሚያነብልዎ ወንድሜ አትክልት እዚህ ላይ እንደሚስቅ አውቃለሁ። ይሳቅ፣ ብቻ መስመር እየዘለለ አያንብብ።

ወሬው ይህ ነው። በሰባት ዓመቴ የመሪጌታ በቅሎ የረገጠችኝን ጉንጬን ሐኪም ከፍቶ ሰፍቶ አቃናልኝ። ያ ጠባሳ የግራ ከንፈሬን ጫፍ ወደ ላይ ጎትቶ፣ ሳልስቅ የምስቅ አስመስሎ እንዳኖረኝ ያውቃሉ። አገር ቤት ሰው ለምዶኛል። እዚህ ቡራዩ ግን የማያውቀኝ ብዙ ነው፤ የምሠራውም ከከሊፋ ጨርቅ ሱቅ ነው፤ ጨርቅ ሱቅ ደግሞ ሙሽራም ሐዘንተኛም ይመጣል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ለልጃቸው መግነዣ አቡጀዲ ሊገዙ መጥተው፣ እኔ እየለካሁ ቀና ብል ‹‹በእኔ ሐዘን ምን ያስቅሃል?›› ብለው ጨርቁን ጥለውብኝ ወጡ። ሮጬ ተከትዬ ባስረዳቸው ማን ይስማኝ። ከዚያ ወዲህ ለመግነዝ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ከሊፋ ‹‹ዳኜ፣ እስቲ ጓዳ ግባ›› ይለኛል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እኔን ከነገር ለማዳን ነው። ለቅሶ ቤት ስሄድም ከድንኳኑ ውጭ እንጨት ከሚፈልጡት ጋር እቆማለሁ። ሰው ሲሞትበት አጠገቡ መቀመጥ ያልቻልኩ ሰው፣ ጎረቤት አለኝ ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር?

አዲስ አበባ ወስዶ ፊት ከሚያቃናው ፈረንጅ ሐኪም ጋር ያገናኘኝ ከሊፋ ራሱ ነው። ሲስተር ፀሐይ የምትባል ነርስ ታስተረጉምልን ነበር። ሐኪሙ ጉንጬን ሲዳስስ፣ ሳቅ፣ ኮስተር በል ሲለኝ ቆይቶ፣ መቅደዱ ቀላል ነው፣ የሚያሳስበው ማደንዘዣውን መምረጥ ነው አለ። አንደኛው መንገድ ሙሉ በሙሉ አስተኝቶ መሥራት ነው፤ ምንም አላይም፣ ምንም አልሰማም። ሁለተኛው ከዓይኔ ሥርና ከአገጬ አጠገብ ወግቶ ግማሽ ፊቴን ብቻ ማደንዘዝ ነው፤ ሕመም የለውም፣ ፊቴም መንቀሳቀሱን አይተውም፤ እኔ ግን ነቅቼ እሰማለሁ። እሱ የወደደው ሁለተኛውን ነው። የተኛ ሰው ፊት ይረግባል፣ አፍህ ወዴት እንደሚሳብ የማየው አንተው ስታንቀሳቅሰው ነው አለኝ። ደግሞም ለዚህ ለትንሽ ሥራ ሰውነትን በሙሉ ማስተኛት ለልብም ለሳንባም ሸክም ነው አለ። ቢሆንም ፊቱም ፈቃዱም ያንተ ነው ብሎ ለእኔ ተወው።

እኔ ምን መረጥኩ? መተኛቱን። ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ፤ በግ ሲታረድ ወደ ጓሮ የምሸሸው ልጅዎ፣ የገዛ ጉንጬ ሲቀደድ ልሰማ?

ወሬው ቡራዩን ሲያዳርስ ሁሉም ሐኪም ሆነ። ከሊፋ ተኝተህ ተነሥ፣ ሰው የራሱን ስፌት አያይም አለ። ቤት ያከራዩኝ ኦቦ ኢተፋ ደግሞ በሬ እንኳ የሚኮላሸው ነቅቶ ነው፣ አንተ ከበሬ ታንሳለህ ወይ ብለው አሳቁብኝ። ባለቤታቸው እማማ ድንቅቱ ግን አልሳቁም። ፈረንጅ ያስተኛውን ሰው ማን ይቀሰቅሰዋል ብለው ሲጨነቁ ሰነበቱ።

ቀጠሮዬ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነበር። ሲስተር ፀሐይ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህልም ውሃም እንዳልቀምስ አጥብቃ ነግራኛለች፤ ሆዱ የሞላ ሰው ተኝቶ ሳለ ቢያስመልሰው ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ይህንኑ ለእማማ ድንቅቱ ነገርኳቸው። እሺ አሉኝ። ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ልሳፈር በደጃቸው ሳልፍ ግን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይዘው ቆመዋል። ሐኪሙ ከልክሎኛል ብላቸው፣ ‹‹ሐኪሙ እናት የለውም? ሊቀደድ የሚሄድ ልጅ ባዶ ሆዱን ከደጄ አይወጣም፤ በሞቴ!›› ብለው ጉርሻውን ከአፌ ደቀኑት። እናቴ፣ እርስዎ ነዎት ያሳደጉኝ፤ በሞቴ የተባለ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ጎረስኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን አጎረሱኝ፤ ሁለት ላይ ማቆም አይሆንም ብለው ሦስተኛውን ጨመሩ። ኦቦ ኢተፋም ከውስጥ ሆነው ‹‹ኛዱ፣ ኛዱ›› ይላሉ፤ ብላ ብላ ማለታቸው ነው።

ሆስፒታል ደርሼ ልብስ ቀይሬ ከተጋደምኩ በኋላ፣ ሲስተር ፀሐይ ዛሬ አፍህ የገባ ነገር አለ ወይ አለችኝ። ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የለም ብል ማን ያውቅብኛል? ሁለት ወር የጠበቅሁት ቀን ሊያመልጠኝ ነው። ግን ‹‹ሊገድልህ ይችላል›› ያለችው ትዝ አለኝና፣ ሦስት ጉርሻ ጭኮ ብዬ አመንኩ። እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ ጭኮማ እስከ ማታም ከሆድ አይወርድ አለች። ሐኪሙ ሲነገረው በመጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ። ዛሬ ማስተኛት አይታሰብም፣ ወይ ከክረምት በኋላ ተመለስ ወይ ነቅተህ ይሠራልህ አለኝ። እስከ መስከረም ድረስ ጓዳ መግባቱን አሰብኩት። ‹‹ይሠራልኝ›› አልኩ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ፤ የእኔን ድግስ በእማማ ድንቅቱ እጅ ላከው።

መርፌው ቆንጠጥ አደረገኝ፣ ከዚያ ግማሽ ፊቴ የሰው ዕቃ ሆነ። የመቀሱን ድምፅ እሰማለሁ፣ ሕመም ግን የለም። የፈራሁት ይህንን ነው እንዴ ብዬ ራሴን ታዘብኩት። ሐኪሙ ሰፍቶ ሊጨርስ ሲል ሳቅ አለኝ፤ ሳቅሁ። አሁን እዘን አለኝ፤ ማዘኑ ግን እምቢ አለኝ። ደስታ ይዞኝ እንዴት ልዘን? ሲስተር ፀሐይ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ የሚያሳዝንህን ነገር አስብ አለችኝ። ያን ጊዜ አባቴን አሰብኩ። ባለፈው ኅዳር ሲቀበሩ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ከከብቶቹ በረት ጀርባ ቆሜ ብቻዬን ያለቀስኩትን አሰብኩ። እንባዬ በጆሮ ግንዴ ወረደ። ሐኪሙ ያመመኝ መስሎት ማደንዘዣ ሊጨምር ሲል ‹‹አባቴን ነው›› አልኩ። እሱም እጁን ገትቶ አፌን ትክ ብሎ አየው። ስስቅ ልክ የነበረው ከንፈሬ ሳዝን ገና ትንሽ ቀና ይላል። ሁለት ስፌት ፈታ፣ ከሥር የያዘውን ጠባሳ አላቀቀ፣ መልሶ ሰፋ። ደግመህ እዘን አለኝ፤ አዘንኩ። ‹‹አሁን ደህና›› አለ በገዛ አማርኛው። ተኝቼ ቢሆን ኖሮ ያችን ነገር ማንም አያይልኝም ነበር።

ስፌቱ በሳምንቱ ወጣ። እብጠቱ ከጎደለ በኋላ መስታወት ባይ፣ አፉን ገጥሞ የተቀመጠ ጨዋ ሰው አየሁ። ቀጭን መስመር ቀርታብኛለች፣ እሷን ለጌጥ ይዣታለሁ። ስስቅም በሁለቱ ጎን እስቃለሁ፤ ከሊፋ ኧረ ይብቃህ እስኪለኝ ድረስ። እማማ ድንቅቱማ ለመጣ ለሄደው ሁሉ፣ ሐኪሙ እኔ ነኝ፣ ጭኮዬ ባይኖር አስተኝተው ያጣምሙት ነበር ይላሉ። ማን ይከራከራቸዋል።

በግንቦት መጨረሻ የኦቦ ኢተፋ ታላቅ ወንድም ገፈርሳ ላይ ዐረፉ፤ ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌ ነበሩ። አቡጀዲውን የለካሁት እኔ ነኝ፤ ከሊፋ ጓዳ ግባ አላለኝም። ድንኳኑ ዘንድ ስደርስ እግሬ እንደ ልማዱ ወደ እንጨት ፈላጮቹ አመራ። ኦቦ ኢተፋ ከውስጥ አይተውኝ በእጃቸው ጠሩኝና፣ ከጎናቸው የነበረውን ሰው ጠጋ አድርገው አስቀመጡኝ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ከሱሉልታ የመጡ የማላውቃቸው ሴት ‹‹ይህ ልጅ ምንኛ አዘነልን›› ሲሉ ሰማሁ። ከለቅሶ ቤት ደስ ብሎኝ ተመለስኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እናቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። በአባቴ ቀብር ጊዜ ‹‹ልጄ አባቱን ሳያለቅስ ተመለሰ›› ማለትዎን ማሪቱ ነግራኛለች። አልተቀየምኩም። የሚስቅ ፊት ይዤ በሐዘንተኛ መካከል ተቀምጬ እርስዎን እንዳላሳፍር ብዬ ነው የራቅሁት። ለሙት ዓመታቸው በኅዳር እመጣለሁ። ያኔ ከእግርዎ ሥር ተቀምጬ፣ ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳልስብ፣ ሰው እያየኝ አለቅሳቸዋለሁ። ለማልቀስ እንዲህ የጓጓ ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ እኔ ግን ቀኑን እየቆጠርኩ ነው።

ለእህቴ ለማሪቱ፣ ለባለቤቷ ለካሳሁን፣ ለልጆቻቸውም ለእያንዳንዳቸው ሰላምታዬ ይድረስ። አትክልት፣ ስላነበብክ እግዜር ይስጥልኝ፤ ትምህርትህን በርታ። ለመሪጌታ እጅ ነሥቻለሁ፤ ለጎረቤቱም ሁሉ እንደዚሁ። እርስዎን ጉልበትዎን ስሜያለሁ። በር ላይ ሲያዩኝ እኔ መሆኔን ቢጠራጠሩ በድምፄ ይለዩኝ።

ልጅዎ ዳኜ
ቡራዩ፣ ሰኔ 3 ቀን 1958 ዓ.ም.